ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ፦ የቆቦ ሜዳ የመስኖ ፓምፖችና የከርሰ ምድር ውኃው

ይህ ጽሑፍ ወልድያ ላይ ለመስኖ ባለሙያዎችና ለውኃ ተጠቃሚ ማኅበራት አባላት በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸውን ስሌቶች ወደ ዓረፍተ ነገር ከመመለስ በቀር ይዘቱን አልነካሁትም።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ገመድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆቦ ሜዳ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ልለካ ሄጄ፣ መለኪያዬን ገና ከቦርሳ ሳላወጣ የጉድጓዱ ባለቤት የሆኑ አባት «ልጄ፣ ለመለካቱ ይሄ አይበቃህም?» ብለው ባልዲያቸው የታሰረበትን ገመድ አሳዩኝ። ገመዱ ሦስት ዓይነት ነበር። ከባልዲው ጀምሮ ያለው አሮጌ ቃጫ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሰማያዊ ናይለን ተቋጥሯል፤ እጅ የሚይዘው ጫፍ ደግሞ ከመኪና ካላማዳሪያ ተቀዶ የተገመደ ጎማ ነው። ናይለኑን የቀጠሉት ጎረቤታቸው ሞተር ያስገባ ጊዜ፣ ጎማውን የጨመሩት ደግሞ ከማዶ ሶላር የተተከለ ዓመት እንደሆነ ነገሩኝ። መለኪያዬን አውርጄ ብለካ ከገመዳቸው እምብዛም የተለየ ነገር አላገኘሁም። እርግጥ አንድ ገመድ ማስረጃ አይሆንም፤ የሁለት ክረምት ዝናብ ማነስም ያንኑ ቋጠሮ ሊያስቋጥር ይችላል። ቢሆንም ሰውየው በመሥሪያ ቤቶቻችን መዝገብ ውስጥ አዘውትሬ ፈልጌ የማጣውን ነገር፣ ማለትም ውኃው በየዓመቱ የት ላይ እንደነበር የሚናገር ተከታታይ ምልክት፣ በእጃቸው ይዘው ነበር።

የዛሬው ጉዳዬ የመስኖ ፓምፖቻችን ከናፍጣና ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ መዞራቸው፣ ኤሌክትሪኩ ከመስመርም ይምጣ ከፀሐይ፣ ከመሬት በታች ባለው ውኃ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ናፍጣ ውድና አስቸጋሪ በመሆኑ፣ እኛ ሳናውቀው የጉድጓዶቻችን ዘበኛ ሆኖ ኖሯል፤ አሁን ያንን ዘበኛ ስናሰናብት በቦታው የሚቆም ሌላ አላዘጋጀንም። ወደ ናፍጣ እንመለስ ማለቴ ግን አይደለም። ናፍጣው ቢቀር ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ።

የናፍጣ ሞተር በማሳ ላይ ምን እንደሚመስል እዚህ ለተሰበሰበ ሰው መተረክ አያስፈልግም። ነዳጁ ከከተማ ማደያ በጀሪካን ይመጣል፤ በወረፋና በእጥረት ጊዜም ዋጋው ማደያው ላይ ከተለጠፈው በላይ ይሆናል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር፣ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ከማዳበሪያው ይልቅ የነዳጁ ሒሳብ ያስጨንቀው ጀመር። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ውኃው ሲርቅና ሞተሩ መሳብ ሲያቅተው፣ ገበሬው በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እርከን ቆርጦ ሞተሩን ወደ ታች ያወርደዋል። ጭሱ ከጠባብ ጉድጓድ መውጫ የለውም፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታ ስለሌለው ሞተር ለማጥፋት የወረደ ሰው ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ እሱን ሊያወጣ የወረደውም እንዲሁ። ኤሌክትሪክ ይህን አደጋ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ለውጡን መደገፍ ይገባል።

ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ የሚያስወርደው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የንግግሬ ዋና ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው። ከመሬት በላይ ተቀምጦ በቱቦ የሚስብ ፓምፕ በእርግጥ ውኃውን አይጎትተውም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል፣ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ግን በውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ጠለል ላይ ውኃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ስለሆነች እዚያ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ልኩ ከ9 ሜትር በታች ይወርዳል፤ የቱቦው ፍትጊያና የፓምፑ የራሱ ፍላጎት ሲቀነስ በተግባር የሚቀረው 6 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ላይ ቢሆን ከዚያም ያንሳል። ሞተሩ የፈለገውን ያህል የፈረስ ጉልበት ቢኖረው ይህን ልክ አያልፍም። በሌላ አነጋገር፣ ገበሬው የገዛው ተራ ሞተር ከተቀመጠበት ቦታ 6 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካለ ውኃ በታች ያለውን ክምችት እንዳይነካ በተፈጥሮ ሕግ ታስሮ ነበር።

ውኃው ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ጠላቂ ፓምፕ ግን ከታች ሆኖ ይገፋል እንጂ ከላይ ሆኖ አይስብም። ስለዚህ የአየር ክብደት ጉዳይ አያገባውም፤ ጉልበቱ እስከፈቀደ 30፣ 60፣ 100 ሜትርም ይገፋል። የናፍጣው ሞተር ይዞት የነበረው ገደብ በአንድ ጀንበር ይነሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ገደብ ዋጋው ነበር። በበጋ አንድ ሄክታር አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል ብንል፣ ይህ በቀን 50 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ውኃ ከ60 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት፣ የፓምፑና የሞተሩ ጥቅል ብቃት ግማሽ ያህል ቢሆን፣ በቀን ወደ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ያንን ኃይል ከአነስተኛ ጀኔሬተር ማግኘት ከ5 ሊትር በላይ ናፍጣ በየቀኑ ማቃጠል ነው፤ መቶ ቀን በሚፈጅ የበጋ ሰብል ላይ ከ500 ሊትር ያልፋል። ይህን የሚያሰላ ገበሬ ማሳው ርሶ ሳለ ሞተሩን ለአንዲት ደቂቃ አያቆየውም። ወደ ሶላር ስንመጣ ደግሞ 4 ኪሎ ዋት ገደማ የሚያመነጩ ፓኔሎች ያንኑ ሥራ ይሠሩታል፤ የፓኔል ዋጋም በዓለም ገበያ ካለፉት 15 ዓመታት ወዲህ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። ወጪው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው እያንዳንዱ ባልዲ በነጻ ነው። ፀሐይዋ ወጥታ ሳለ ፓምፑን የሚያጠፋበት ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም ማጥፋቱ ያወጣውን ገንዘብ ማባከን መስሎ ይታየዋል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላጠፋውም።

የመስመር መብራት በመካከል ላይ ነው። በቆጣሪ ስለሚከፈል ከሶላሩ ይልቅ ይቆጠባል፤ ከናፍጣው ግን በእጅጉ ይረክሳል። እዚህ አገር ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከወንዝ የሚመነጭ ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ እየበዛ ሲሄድ መስመሩ ወደ ማሳው መጠጋቱ አይቀርም። የሦስት ፌዝ መስመር ማጣት፣ የኃይል መዋዠቅ፣ የሞተር መቃጠል ዛሬም የየዕለቱ እሮሮ ናቸው፤ በጦርነቱ ወራት መብራት ጠፍቶ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ዝም ያሉበትን ጊዜም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እነዚህ ግን ጊዜ የሚፈታቸው ችግሮች ናቸው፤ የውኃው ጉዳይ ግን ጊዜ በሄደ ቁጥር ይከፋል።

አሁን ወደ ሜዳው ልውረድ። የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በላስታ አቅጣጫ በሚነሣው የባዛልት ተራራ፣ በምሥራቅ ደግሞ በዞብል ተራሮች መካከል የሰመጠ ገንዳ ነው። ገንዳውን የሞላው ከተራራው ተጠርጎ የወረደ ደለል፣ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ውኃውም ያለው በዚህ ደለል ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ጎሊናና ሆርማት፣ ሌሎቹም ወንዞች ከተራራው ሲወርዱ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ጠጠሩን ሲያገኙ ከጎርፉ ከፊሉ ወደ ታች ይሰርጋል። ጎሊና ከሜዳው ወጥቶ በዞብል ተራሮች መካከል ወደ አፋር ይሻገራል። ስለዚህ በዚህ በኩል የምናወጣው ውኃ ከወዲያ ማዶ ያለውን ከብት አርቢ ድርሻ ሊነካ እንደሚችል ልብ ማለት ይገባል፤ ይህ ጉዳይ በየስብሰባው ሲነሣ አለመስማቴ ይገርመኛል።

የአካባቢው ገበሬ የክረምቱን ጎርፍ በድንጋይና በቅርንጫፍ ከወንዙ ጠልፎ ማሽላው ላይ ማስተኛቱ የቆየ ጥበብ ነው። ደጋሊት የሚባለውን የማሽላ ዓይነት የዘራ ገበሬ ጎርፍ ጠለፋውን ለሰብሉ ብሎ ያደርገዋል፤ ከማሽላው የተረፈው ግን ከሥር ያለውን ክምችት ይመግባል። ሁሉም ሰው ፓምፕ ገዝቶ ጠለፋው ሲተው ታዲያ በአንድ በኩል ማውጫው ይበዛል፣ በሌላ በኩል መግቢያው ይጠባል። የድሮውን የጎርፍ ቦይ ደለል ለመጥረግ የሚወጣው ሰው ቁጥር እንደቀነሰ ከተለያዩ ቀበሌዎች ሰምቻለሁ፤ ፓምፕ ያለው ሰው ለምን ብሎ ይወጣል?

በሜዳው ስንት ውኃ እንዳለ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ብዙ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የተቀመጠው ብዛትና በየዓመቱ የሚገባው ብዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰሌዳው ላይ ያሰላሁት ይህን ነው። ዝናቡ በዓመት 650 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ከዚያ ውስጥ አሥረኛው እጅ እስከ ውኃው ንጣፍ ቢዘልቅ፣ አንድ ሄክታር መሬት በዓመት 650 ሜትር ኩብ ያስገባል። አንድ ሄክታር የበጋ ሽንኩርት ደግሞ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ሄክታር ሽንኩርት የስምንት ሄክታር ክረምት ይጠጣል ማለት ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ይህን ስሌት ያሻሽለዋል፤ የስንት ሄክታር እንደሚያደርሰው ግን ጎርፉን ሳንለካ መናገር አንችልም። ሌላው ደግሞ በደለሉ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ነው። ከመቶ 15 እጁ ውኃ ሊለቅ የሚችል ነው ብንል፣ የውኃው ወለል አንድ ሜትር ሲወርድ ከአንድ ሄክታር ሥር የተገኘው 1,500 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ከጎን ምንም ባይተካ፣ ያ ሽንኩርት በአንድ በጋ ከሥሩ ያለውን ውኃ ከ3 ሜትር በላይ ያወርደዋል። በተግባር ከጎን ይተካል፤ «ከጎን» ማለት ግን ከጎረቤት ሥር ማለት ነው።

እነዚያ ባለገመድ አባት ያዩትም ይህንኑ ነው። ፓምፕ ሲሠራ በዙሪያው የውኃው ወለል እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሁለት ፓምፖች ተቀራርበው ሲሠሩ ሁለቱ ስርጉዶች ይገናኙና አንዱ የሌላውን ያወርደዋል። የመጀመሪያው ተጎጂ ሁልጊዜ ጥልቀት የሌለው ነው፦ የባልዲው ጉድጓድ፣ ከዚያ የእጅ ፓምፑ። በየቀበሌው የምናውቀው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የተሠራው እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው፤ ውኃው ከዚያ ሲያልፍ እናቶችና ልጆች ሌላ ምንጭ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ሶላር የገዛው ግን ቱቦ ይቀጥላል።

ጠብታ መስኖ ይህን ሁሉ እንደሚፈታ ለማመን ብዙዎቻችን እንቸኩላለን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተጀመረው የጥልቅ ጉድጓድ ሥራ በጠብታና በርጭት መስኖ መሠረት ላይ የታሰበ ነበር፤ አስተሳሰቡም ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን ጠብታ የሚቆጥበው ውኃ ሁሉ ከክምችቱ የዳነ ውኃ አይደለም። ማሳን በቦይ ሲያጠጡ ከሚፈሰው ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሥር ይወርዳል፤ ጠብታው ይህን መመለሻ ይዘጋዋል። ገበሬውም በቆጠበው ውኃ ከጎን ያለውን ተጨማሪ ጥማድ ሲያለማበት፣ ሰብሉ የሚያተነው ጠቅላላ ውኃ ከበፊቱ ይበልጣል። ጠብታው ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን የሚለማው መሬት ስፋት ከተወሰነ ብቻ ነው።

በሌላ አገር የሆነውን በአጭሩ ልጥቀስ። ህንድ ዛሬ በዓለም ትልቋ የከርሰ ምድር ውኃ ተጠቃሚ ናት፤ የዚህም ትልቁ ምክንያት ለመስኖ በርካሽ ወይም በነጻ የተሰጠ ኤሌክትሪክ ነው። በፑንጃብ ግዛት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬው መብራት በነጻ ሆነ፤ ውኃው እየራቀ ሲሄድ በ2009 ሩዝ ከሰኔ መጀመሪያ በፊት እንዳይተከል በሕግ እስከ መከልከል ደረሱ። ጉጃራት በ2003 ሌላ መንገድ ጀመረች፦ የእርሻውን የኤሌክትሪክ መስመር ከቤቱ መስመር ለይታ ለፓምፑ በቀን 8 ሰዓት በቁርጥ መስጠት። በዚያው ግዛት ዱንዲ በሚባል መንደር ደግሞ ሶላር ያላቸው ገበሬዎች ተደራጅተው የተረፋቸውን ኃይል ለመስመሩ ይሸጣሉ፤ ፀሐይዋ በነጻ መሆኗ ቀርቶ ዋጋ አገኘች፣ ፓምፑን ማጥፋትም ገቢ ሆነ። ቀይ ባሕርን ስንሻገር የመን አለች። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጦርነቱ ነዳጅ ሲጠፋ የሶላር ፓምፕ በሰፊው ተተከለ፤ ያውም ቀድሞውኑ ውኃው በመቶዎች ሜትር በራቀበት አገር። ከራሳችን አገር ደግሞ ሐረማያ ሐይቅ አለ፤ ለሐረር ከተማ መጠጥና በዙሪያው ላሉ የአትክልትና የጫት ማሳዎች ሲሳብ፣ ደለሉም ሲሞላው ኖሮ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ደረቀ። ከዓመታት በኋላ ውኃ መልሶ መያዙ ያስደስታል፤ ሐይቅ ሲደርቅ ግን ቢያንስ ሰው ያየዋል።

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ጨምሮ የአገሪቱን ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርጋል፤ ከሌላ አገልግሎት ሁሉ በፊትም ለቤት ውስጥ መጠቀሚያ ቅድሚያ ይሰጣል። ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይልና፣ በእጅ የተቆፈረን ጉድጓድ ውኃ መጠቀምንና ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። አዋጁ ሲወጣ ይህ አስተዋይነት ነበር፤ ባልዲ ይዞ የሚቀዳን ሰው ፈቃድ አምጣ ማለት ግፍ ነውና። ዛሬ ግን በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚገፋ ጠላቂ ፓምፕ ይገባል። ጉድጓዱ በዶማ ስለተቆፈረ ብቻ አጠቃቀሙ ባህላዊ ነው ሊባል አይችልም። በእኔ አስተያየት ፈቃዱ መመልከት ያለበት ጉድጓዱ የተቆፈረበትን መንገድ ሳይሆን በቀን የሚወጣውን ውኃና የሚለማውን መሬት ነው።

ይሁንና በፈቃድ ወረቀት ብቻ የሚሆን አይደለም። በየማሳው ዞሮ ፓምፕ የሚቆጥር ሠራተኛ ወረዳዎቻችን የላቸውም። ያለን ሌላ ነገር ነው፦ የውኃ አባት። ከወንዝ ጠለፋ ላይ ተራ የሚያስይዝ፣ ተራውን የጣሰውን የሚቀጣ፣ በምርጫ የሚሾም ሰው ከድሮም አለን። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006ም ለማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጣቸዋል። የወንዙ ውኃ ስለሚታይ የውኃ አባት አለው፤ የጉድጓዱ ውኃ ስለማይታይ የለውም። እንዲኖረው ከተፈለገ መጀመሪያ ውኃው መታየት አለበት። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ ገበሬዎች ራሳቸው ጉድጓዶቻቸውን እየለኩ፣ በመጪው ዓመት ምን ያህል መሬት ምን ሰብል እንደሚዘሩ በውኃው ልክ ሲመክሩ ቆይተዋል። እኛም ሁለት ቀን ብቻ ብንይዝ ይበቃል፤ አንዱ በሰኔ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሌላው በጥቅምት መጨረሻ ክረምቱ ከወጣ በኋላ። የጥቅምቱ ልኬት በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ የመጪው በጋ ጥማድም በእሱ ልክ ይወሰን።

ሶላሩን በተመለከተ፣ ድጎማ ወይም ብድር የሚሰጥ አካል ሁሉ ከፓኔሉ ጋር ለተረፈው ኃይል መዋያ እንዲያስብ እጠይቃለሁ። ማሳው ከጠጣ በኋላ ፓኔሉ ወፍጮ ቢያዞር፣ ቲማቲም ማቀዝቀዣ ቢያስነሣ፣ ፓምፑን ማጥፋት ለገበሬው ኪሳራ መሆኑ ይቀራል።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። አንድ ወጣት የመስኖ ባለሙያ ተነሥቶ «መለካቱን እሺ፤ ነገር ግን ጠላቂ ፓምፕ የገባበትን ጉድጓድ ስለካ ሜትሬ ከኬብሉና ከቱቦው ጋር ተጠላልፎ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኛል፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ርካሽ ነው። ፓምፑ ሲወርድ ከዋናው ቱቦ ጎን አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው፣ ከታች በኩል ተበሳስቶ፣ ከፓምፑ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያበቃ ሆኖ አብሮ ይታሰራል፤ ሜትሩ በዚያ ውስጥ ብቻውን ይወርዳል። ፓምፑ ከገባ በኋላ ይህን ለማስገባት ሁሉን ነገር እንደገና ማውጣት ይጠይቃል፤ ከመውረዱ በፊት ከሆነ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሚገቡ ሦስት ፓምፖች እንዳሉት ነገረኝና ቱቦው የት እንደሚገኝ ተነጋግረን ተለያየን።